የስፖርት ሞተር መርገጫና መሪ ለምቾት እንዴት ይስተካከላል? ለጅማ ነጂዎች

ስፖርት ሞተር የተሠራችው ለፈጣን መንገድ ነው። መሪዋ ዝቅ ይላል፤ እግር የሚያርፍበት መርገጫዋ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይሰቀላል። በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዳ የፊት ንፋሱ ደረትን ስለሚደግፍ ከእጅ ላይ ሸክም ይቀንሳል። ጅማ ከተማ ውስጥ ግን ያ ንፋስ አይገኝም። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ ስትሄዱ በባጃጅ መሃል እየተሽሎከለካችሁ፣ ኮብልስቶኑ እየነቀነቃችሁ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው። የላይኛው ሰውነታችሁ ክብደት በሙሉ መዳፍ ላይ ያርፋል። ጉልበት ይጨነቃል፤ ወገብ ይደርቃል። አጋሮ ደርሶ መመለስ ቅጣት ይሆናል።

ሞተሯን መሸጥ አያስፈልግም። ሳትቆርጡ፣ ሳትበይዱ፣ የተፈታው ሁሉ ነገ ተመልሶ እንዲገጠም አድርጋችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ከባድ አይደለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እጁን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ መሪውን ከፍ ማድረግ ይፈልጋል። እኔ የምመክረው ከመርገጫው መጀመር ነው። መርገጫው በጣም ወደ ኋላ ሲርቅ እግር ሰውነትን መሸከም አይችልም። ዳሌ ወደ ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ) ይንሸራተታል፤ ሸክሙም ወደ እጅ ይሄዳል። እግር ቦታውን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ እጅም አብሮ ያርፋል። ደግሞም የመሪ ሥራ ካቦ፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦ ስለሚነካ ወጪው ይበዛል። ሳያስፈልግ ለምን ትገቡበታላችሁ?

መጀመሪያ ሕመሙን ለዩ

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት የሚያማችሁ የት እንደሆነ በትክክል እወቁ። “ሞተሯ አትመችም” ማለት ብቻውን ለሥራ አይበቃም። ከግማሽ ሰዓት በላይ ንዱና ስትወርዱ ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉት። ሕመም አጭር መንገድ ላይ አይናገርም።

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ የመዳፋችሁ የውጭ ጠርዝ ተጭኗል ማለት ነው። በዚያ በኩል የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ እሱ ነው የሚታፈነው። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ክብደት መዳፍ ላይ መውደቁ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ከደነዘዙ ደግሞ የእጅ አንጓችሁ ወደ ላይ ተቀልብሶ ነው የሚሠራው። ይህኛው በአብዛኛው የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻው ማዕዘን ችግር ነው። በነጻ ይስተካከላል።

የጉልበት ፊት ለፊት ከነደዳችሁ መርገጫው ለእግራችሁ ርዝመት በጣም ከፍ ብሏል። የዳሌ መጋጠሚያ ከጠነከረባችሁም መነሻው ያው ነው። አንገት ካመማችሁ መሪው ዝቅ ብሎ ወይም ርቆ ጭንቅላታችሁን ቀና ለማድረግ ስትታገሉ ነው። ወገብ ግን ተንኮለኛ ነው። መሪው ሲርቅም ያማል፤ መሪው ከመጠን በላይ ከፍ ሲልም ያማል። ቀጥ ብላችሁ ስትቀመጡ የጉድጓዱ ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ አከርካሪ ይወጣል። ስለዚህ “ከፍ ባለ ቁጥር ይመቻል” የሚባለው ለኛ መንገድ አይሠራም። ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል ጥሩ ነው።

ከሞተር ከወረዳችሁ በኋላም መደንዘዙ የማይለቃችሁ ከሆነ ሐኪም ይያችሁ። ያንን በብሎን አታስተካክሉትም።

ልኬት

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሞተሯን በኋላ መቆሚያ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። መቆሚያ ከሌለ ጓደኛ ይያዝላችሁ፤ ሌላ ሦስተኛ ሰው ይለካ። ሁልጊዜ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ። በነጠላ ጫማ ተለክቶ በቦት ጫማ የሚነዳ ሰው ልኬቱ ይሳሳትበታል።

ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ትከሻችሁን ልቀቁና እጃችሁን ያለ ሐሳብ ወደ ፊት ዘርጉ፤ ክርናችሁ ትንሽ ይታጠፍ። እጃችሁ በአየር ላይ የቆመበትን ቦታ ጓደኛችሁ ይያዘው። ከዚያ እስከ እውነተኛው መሪ ድረስ ያለውን ርቀት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ኋላ። ለእግርም እንዲሁ አድርጉ። እግራችሁን ከመርገጫው አንስታችሁ በተፈጥሮ እንዲንጠለጠል ካደረጋችሁ በኋላ ጉልበታችሁ ሳይጨነቅ የሚያርፍበትን ከፍታ ፈልጉ። ጣውላ ቁራጮች እየደራረባችሁ ከጫማው ሥር ብታስቀምጡ ከፍታው በትክክል ይታያል። ጅማ የእንጨት ሥራ አገር ነው። ማንኛውም አናጢ ቤት ደጃፍ ላይ ቁራጭ አይጠፋም።

የምታገኙት ቁጥር 60 ሚሊ ሜትር ቢሆንም እንኳ በሙሉ አትሂዱበት። መርገጫ ላይ ከ20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ መሪ ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ትልቅ ለውጥ ነው። ሰውነት ቶሎ ይሰማዋል።

በነጻ የሚስተካከለውን ጨርሱ

የፍሬንና የፍሪሲዮን ማንሻዎችን ይዞ ያለውን ብሎን ላላ አድርጉ። ተቀመጡና ክንዳችሁን ዘርጉ። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ማንሻው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ወደ ታች አዙሩት። አንጓ ወደ ላይም ወደ ታችም መሰበር የለበትም። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ከማንሻው ጋር አብሮ ስለሚዞር ብዙ እንዳያዘነብል ተጠንቀቁ። ማንሻው ላይ የርቀት ማስተካከያ ካለ፣ ጣታችሁ ሳይንጠራራ እንዲደርስ አድርጉት።

ብሎኑን ስታጠብቁ ሞተሯ ብትወድቅ ማንሻው ተገፍቶ እንዲዞር ያህል ብቻ ይሁን። ከመጠን በላይ የጠበቀ ማንሻ ሲወድቅ ይሰበራል።

ከዚያ መቀመጫውን እዩ። ብዙ ስፖርት ሞተር ላይ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ስፖንጁም ያረጃል። ዳሌ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ከሆነ መቀመጫ ሰፊ ጋር ወስዳችሁ የፊቱን ክፍል ትንሽ ማስሞላት ይቻላል። ሰልባቲዮው ጎን ላይ ጉልበት የሚይዝ ተለጣፊ ጎማ መለጠፍም ይረዳል። ፍሬን ስትይዙ በጉልበት ስለምትጨብጡ እጅ አይጫንም።

ይህን ብቻ ሠርታችሁ ለጥቂት ቀን ንዱ። ከበቃችሁ እዚሁ አቁሙ።

ዕቃና መሣሪያ

አለን ቁልፍ ሙሉ ስብስብ፣ የ8፣ የ10፣ የ12 እና የ14 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) እና ቶርክ ሬንች (የብሎን ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) ያስፈልጋችኋል። ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ከምታውቁት ጋራዥ ለሰዓታት ተዋሱ። ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ፣ ሰማያዊ ሎክታይት ግዙ። ቀዩን አትግዙ፤ እሱ ያለ እሳት አይፈታም። የጥፍር ቀለምም ይኑራችሁ፤ ጥቅሙን ወደ በኋላ ታያላችሁ።

ምንም ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ። ካቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ሮንዴላው በየትኛው ወገን እንዳለ በኋላ የሚነግራችሁ ፎቶው ነው።

መርገጫውን ማውረድ

በመጀመሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። ገበያ ላይ “ሪርሴት” የሚባል ውብ የአሉሚኒየም መርገጫ ስብስብ ታያላችሁ። አብዛኛው የተሠራው ለውድድር ነው። መርገጫውን ይበልጥ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወስደዋል። እናንተ የምትፈልጉት ተቃራኒውን ነው። ብዙ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ከሆነ የታችኛው ቀዳዳ ከፋብሪካው ቦታ በታች መሆኑን በካሊፐር ለክታችሁ ብቻ ግዙ።

ለኛ የሚሻለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ለሞተራችሁ ሞዴል የተሠራ ዝቅ ያለ መርገጫ ወይም ማውረጃ መግዛት ነው። ካገኛችሁ እሱን ግዙ፤ አትከራከሩ። ሁለተኛው ቶርኖ ቤት ማሠራት ነው።

ቶርኖ ቤት የምታሠሩት ነገር ቀላል ነው። የመርገጫው መያዣ ከሻንሲው (ከሞተሯ አጽም) ጋር የሚታሰረው በአብዛኛው በሁለት ብሎን ነው። በመያዣውና በሻንሲው መካከል የሚገባ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይሠራል። በላይ ሁለት ቀዳዳ ለሻንሲው፣ በታች ሁለት ቀዳዳ ለመያዣው። በሁለቱ ጥንድ ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት የምታወርዱት ልክ ይሆናል። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲወፍር መርገጫው ወደ ውጭ እየወጣ ይሄድና እግር ሲያርፍበት ብሎኑን ይበልጥ ያጣምመዋል። በ20 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቀዳዳዎቹ በጣም ከተቀራረቡ ብረቱ ይሳሳል፤ ስለዚህ ቶርኖ ሠራተኛውን ቀዳዳዎቹን ትንሽ ወደ ፊት እንዲያሸጋግራቸው ንገሩት። ወደ ፊት መሄዱ ለምቾትም ይጠቅማል።

ብሎኑ ላይ አትቆጥቡ። ራሱ ላይ 8.8 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር የታተመበት ብቻ ተጠቀሙ። ቁጥር የሌለው ብሎን ለአጥር በር ይሁን። ጉድጓድ ላይ ቆማችሁ ስታልፉ ሙሉ ክብደታችሁ ከነምቱ የሚያርፈው እነዚያ ብሎኖች ላይ ነው።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነገር። መርገጫው መታጠፍ አለበት። የፋብሪካው መርገጫ ስፕሪንግ አለው፤ ከታች ሲነካ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይታጠፋል። ይህ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ኩርባ ላይ ስታዘነብሉ መርገጫው አስፋልት ሊነካ ይችላል። የሚታጠፍ ከሆነ ይጫራል፤ እናንተም ታውቃላችሁ። የማይታጠፍ ከሆነ ግን ሞተሯን እንደ ክሪክ አንስቶ የኋላ ጎማውን ከመሬት ያስለቅቃል። አንድ ሰው “በቱቦ ቆርጬ ጠንካራ መርገጫ ልሥራልህ” ቢላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ስታወርዱት ቶሎ መሬት እንደሚነካም አትርሱ። ጅማ አጋሮ መንገድ ኩርባው ብዙ ነው። ማዘንበል የምትወዱ ከሆናችሁ ከ20 ሚሊ ሜትር አትለፉ።

ብየዳ አይሞከርም። መያዣው በአብዛኛው የተቀረጸ አሉሚኒየም ነው። በተራ ኤሌክትሮድ ሲበየድ ወይ አይይዝም፣ ወይ ይዞ በኋላ ይሰነጠቃል። ሻንሲ ላይ መበየድማ ጭራሽ አይታሰብም። ሙቀቱ ብረቱን ያዳክማል፤ ለዓመታዊ ምርመራ ስትሄዱም ጥያቄ ያስነሳል።

ስትገጥሙ የብሎኑን ጥርስ በቤንዚን ጥረጉ፤ አድርቁ፤ ጥቂት ሎክታይት ነክታችሁ መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስገቡ። ከዚያ በየተራ አጥብቁ። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ከ20 እስከ 25 ኒውተን ሜትር የተለመደ ነው። የሞተራችሁ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው ግን መጽሐፉ ይበልጣል። መርገጫው ላይ ቆማችሁ ሞክሩ። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ፍቱና ምክንያቱን ፈልጉ።

በክረምት ስለሚቦካው ጭቃ አንድ ቃል ልጨምር። ላዩ ጎማ የሆነ መርገጫ ንዝረት ይቀንሳል፤ ጭቃ ሲይዝ ግን ያንሸራትታል። ከከተማ ወጥታችሁ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ገጠር የምትመላለሱ ከሆነ ጥርስ ያለው ብረት መርገጫ ይሻላል። ከተማ ለከተማ ብቻ ከሆነ ጎማውን አትንኩት።

የማርሽና የኋላ ፍሬን ፔዳል መከተል አለባቸው

መርገጫውን ብቻ አውርዶ ፔዳሎቹን መተው አደገኛ ነው። እግሩ ወርዶ ፔዳሉ ላይ ሲቀር ቁርጭምጭሚት ይጣመማል። ከዚያም የባሰው፣ በድንገት ፍሬን ስትፈልጉ እግራችሁ ፔዳሉን አያገኘውም።

የማርሹ ቀላል ነው። ከፔዳሉ ወደ ማርሽ ሳጥኑ የሚሄድ ቀጭን ዘንግ አለ። በሁለቱም ጫፍ መቆለፊያ ዳዶ አለው። አንደኛው ጫፍ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒ የሚዞር ጥርስ ስለሆነ ካልፈታላችሁ አትታገሉት፤ ወደ ሌላ ወገን ሞክሩ። ዳዶዎቹን አላልታችሁ ዘንጉን ስታዞሩት ፔዳሉ ይወርዳል ወይም ይወጣል። እግራችሁ መርገጫው ላይ ተመቻችቶ ሳለ፣ የጫማው ጫፍ ቁርጭምጭሚት ብዙ ሳይታጠፍ ከፔዳሉ ሥር መግባት አለበት። የዘንጉ ጥርስ በሁለቱም በኩል በቂ ያህል መግባቱን አረጋግጡ። በጫፍ የተያዘ ዘንግ መንገድ ላይ ይለቃል። ዘንግ የሌላት ሞተር ከሆነች ፔዳሉን ከጥርሱ አውጥታችሁ አንድ ጥርስ ዝቅ አድርጋችሁ መልሱ። ከማውጣታችሁ በፊት የነበረበትን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ።

የኋላ ፍሬኑ ላይ ቀስ በሉ። ዲስክ ፍሬን ከሆነ ፔዳሉ የፍሬን ፓምፑን የሚገፋው በአጭር ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ከመጠን በላይ ከረዘመ ፓምፑ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ፍሬኑ እያሸ ይሄዳል፤ ይሞቃል፤ በመጨረሻም ጎማውን ሊቆልፍ ይችላል። ስለዚህ ካስተካከላችሁ በኋላ የኋላ ጎማውን አንስታችሁ በእጅ አዙሩ። በነጻነት መዞር አለበት። ፔዳሉን ረግጣችሁ ስትለቁም ወዲያው መልቀቅ አለበት። ከበሮ ፍሬን ከሆነ ፔዳሉ ከመያዙ በፊት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መሄድ አለበት።

የኋላውን የፍሬን መብራት የሚያበራው ትንሽ ማብሪያም ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ ነው። ፔዳሉ ሲወርድ እሱም ይለወጣል። ወይ ሁልጊዜ በርቶ ይቀራል፣ ወይ አይበራም። ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ እንዲበራ ዳዶውን አዙሩ። ከኋላችሁ ያለው ሲኖትራክ እናንተን የሚያውቃችሁ በዚያ መብራት ነው።

የጎን መቆሚያው ሲታጠፍ አዲሱን መርገጫ እንዳይነካ፣ ተረከዛችሁም ማርሚታው ላይ እንዳያርፍ እዩ። ከዚያ እንደገና ለጥቂት ቀን ንዱ። እጃችሁ አሁንም ካመማችሁ ወደ መሪው እንሂድ።

መሪውን ማንሳት

በብዙ ስፖርት ሞተር ላይ መሪው ሁለት ነው፤ ግራና ቀኝ ለየብቻ። “ክሊፕ ኦን” ይባላል። የፎርኬላውን (የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ) ቱቦ አቅፎ በብሎን ይታሰራል። እንደ ያማሃ አር 15 ባሉት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ ይላል። ሁለቱን የፎርኬላ ቱቦዎች ከላይ የሚያስረውን ብረት እዩት። ክሊፕ ኦኑ ከዚያ በላይ ከሆነ ሥራው በቤት ይሠራል። ከሥሩ ከሆነ ያ ብረት መነሳት አለበት። የመሪውን ኩሽኔታ የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ይፈታል፤ ሲመለስ ልኩን ካልያዘ መሪው ወይ ይከብዳል ወይ ይላላል። ይህኛውን ለጎበዝ መካኒክ ስጡ።

የምትገዙት ከፍ ያለ ክሊፕ ኦን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የፎርኬላውን ቱቦ ውፍረት፣ ክሊፕ ኦኑ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ በካሊፐር ለኩ። 33፣ 35፣ 37፣ 41 እና 43 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። 37 ለሆነ ቱቦ 41 ገዝቶ በቆርቆሮ መሙላት የሚባል ነገር የለም። መሪ እጅ ላይ ሲዞር ሰው ይሞታል።

አንዳንዱ ሰው የፎርኬላውን ቱቦ ወደ ላይ ገፍቶ ክሊፕ ኦኑን ከላይ ያስረዋል። መሪው ከፍ ያለ ይመስላል። በእውነቱ የሞተሯ ፊት ነው የወረደው። መሪው ይቀልላል፤ በፍጥነት ላይ ግን መረጋጋቷ ይቀንሳል። ጊቤ በረሃ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለች ሞተር አልመኝላችሁም። የላይኛውን ብረት በስቶ እንደ ተራ ሞተር አንድ ወጥ መሪ ማሰርም አይመከርም፤ ብረቱ ለዚያ አልተሠራም።

አሠራሩ ይህ ነው። ሰልባቲዮውን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑ። የእጀታውን ጫፍ ክብደት ፍቱ። ይህ ክብደት ንዝረት ይቀንሳል፤ በኋላ መልሱት። እጀታ ጎማውን በሳሙና ውሃ አንሸራትታችሁ አውጡ። ማብሪያዎቹንና ማንሻዎቹን ፍቱ። የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን በገመድ ቀጥ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። አይገልበጥ፤ ቱቦውም አይፈታ። ቱቦው ካልተፈታ አየር አይገባም፤ ሥራችሁም ይቀላል። የፍሬን ዘይት ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ቀለም ይበላል።

አሮጌውን ክሊፕ ኦን አውጡ፤ አዲሱን አስገቡ። ሁለቱም ወገን እኩል ማዕዘን ይኑራቸው። በዓይን ግምት አይሆንም፤ ከእጀታው ጫፍ እስከ ሰልባቲዮው ያለውን ርቀት መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ለኩ። ማብሪያው ውስጥ፣ መሪው ላይ ባለ ቀዳዳ የምትገባ ትንሽ ጥርስ አለች። አዲሱ መሪ ቀዳዳ ከሌለው ቦታውን ለክታችሁ ብሱለት። ጥርሷን አትቁረጧት። እሷ ከሌለች የነዳጅ መስጫው ቤት መሪው ላይ ሊዞር ይችላል።

ክሊፕ ኦኑን የሚያጠብቁት ብሎኖች ሁለት ከሆኑ በየተራ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ 8 ሚሊ ሜትር ከ20 እስከ 25። “ይበልጥ ቢጠብቅ ይበልጥ ይይዛል” ማለት እዚህ ላይ ያከስራል፤ ማቀፊያው ይሰነጠቃል።

ካቦ፣ የፍሬን ቱቦና ሽቦ

ልብ የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው። መሪውን 20 ሚሊ ሜትር ስታነሱ የፋብሪካው ካቦዎች ብዙ ጊዜ ይበቃሉ፤ መንገዳቸውን ትንሽ መለወጥ ብቻ ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ስትሄዱ ሊወጠሩ ይችላሉ።

ሞተሯን በዜሮ ማርሽ አስነሱ። መሪውን ቀስ ብላችሁ እስከ ግራ መጨረሻ፣ ከዚያም እስከ ቀኝ መጨረሻ አዙሩ። ድምፁ ከጨመረ የነዳጅ ካቦው ተወጥሯል። በዚህ ሁኔታ ከግቢ አትውጡ። መርካቶ ባጃጅ መሃል መሪ ስታጥፉ ሞተሯ በራሷ ትፈተለካለች። ነዳጅ መስጫው ከመያዙ በፊት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነጻ ይዙር፤ ስትለቁትም በራሱ ይመለስ። የፍሪሲዮን ማንሻውም ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነጻ መሄድ አለበት። ካጠረበት ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

የፊት ፍሬን ቱቦው በየትኛውም አቅጣጫ ሲዞር መወጠር፣ መታጠፍ ወይም መታሸት የለበትም። ፎርኬላው ሲወርድና ሲወጣም እንዲሁ፤ ፊቷን እየጫናችሁ እዩት። ካጠረ ረጅም ቱቦ ይገዛል። በመሃል መቀጠል አይሆንም። ስትገዙ የአሮጌውን ቱቦ ብሎን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ዓይነት ጥርስ አለ፤ 10 በ1.0 እና 10 በ1.25። በዓይን አይለዩም። ሌላውን በግድ ስታስገቡ የፓምፑ ጥርስ ይበላል። አዲስ የመዳብ ሮንዴላም አብራችሁ ግዙ። ዘይቱ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ይሁን፤ በአብዛኛው ዶት 4 ነው። ኤ ቢ ኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን) ያላት ሞተር ከሆነች ቱቦው ሲለወጥ የገባውን አየር ማስወጣቱን ለባለሙያ ተዉ።

ሽቦዎቹንም አትርሱ። ክላክስ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ማጥፊያ፤ መሪው በሁለቱም መጨረሻ እያለ እያንዳንዱን ሞክሩ። አውራ ጣታችሁ ከነጓንቱ በመሪውና በሰልባቲዮው መካከል መቆንጠጥ የለበትም። ማንሻውም የፊቱን ፕላስቲክ ሽፋን መምታት የለበትም። ስፖኪዮውን በመጨረሻ አስተካክሉ፤ ቁመታችሁ ተለውጧል።

ሙከራ

በየብሎኑ ራስና በአጠገቡ ባለው ብረት ላይ በጥፍር ቀለም አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ብሎኑ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል። በየቀኑ ጠዋት አንድ ጊዜ ዓይን መጣል ይበቃል።

መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጠባብ ዙር። ቀጥሎ ከተማ ውስጥ ኮብልስቶን ላይ በቀስታ፤ የላላ ነገር ካለ እዚያ ይንጫጫል። ከዚያ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ወደ ጅሬን ውጡ። ዋናው ፈተና መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ቁልቁለት ላይ ክብደት ወደ እጅ ይመጣል። በጉልበት ሰልባቲዮውን ጨብጣችሁ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አጽንታችሁ፣ ጣቶቻችሁን እጀታው ላይ እንደ ፒያኖ ማንቀሳቀስ ከቻላችሁ ሥራው ተሳክቷል። እጃችሁ ተጣብቆ ከቀረ አሁንም የሚቀር ነገር አለ። ቁልቁለቱ ሥር እንደቆማችሁ የኋላ ዲስኩ ከመጠን በላይ መሞቁን፣ ሳትነኩት እጃችሁን ብቻ አቅርባችሁ እወቁ።

ቀጥሎ ሰርቦ ደርሳችሁ ተመለሱ። ቤት ስትደርሱ ሁሉንም ብሎን በቶርክ ሬንች እንደገና አረጋግጡ። አዲስ የተገጠመ ነገር ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ትንሽ መላላቱ የተለመደ ነው። ወደ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከዚህ በፊት አይታሰብ።

የሚቀረውን ሕመም መዝግቡና አንድ በአንድ አስተካክሉ። በአንድ ቀን መርገጫውንም፣ መሪውንም፣ መቀመጫውንም የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

የፋብሪካውን ክሊፕ ኦን፣ መርገጫ መያዣና ብሎኖች ዘይት ቀብታችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። የጅማ እርጥበት ብረት ቶሎ ያዝጋል። ፌስታሉ ላይ የሞተሯን ሞዴልና የየትኛው ወገን እንደሆነ ጻፉበት፤ ለምርመራ ወይም ለሽያጭ ስትፈልጓቸው ይገኛሉ።